ሸራው ላይ ሰፈር፣ ብረቱ ታች ሰፈር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሆሴዕ አበራ
የግድግዳ ሥዕሎች ገጽታና ተዋጽኦ አጣሪ ጊዜያዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሆሳዕና

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የኮሚቴዎ ጤና፣ እንዲሁም ማኅተም የሚመቱበት የቀኝ እጅዎ ጤና እንደወትሮው የተሟላ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የምንኖር ነዋሪዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልነበረው ግድግዳችን ብቻ ነበር። እሱም በኮሚቴዎ የቅርብ ክትትል ሕመሙ ሁሉ ለቆት፣ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይቀርበት፣ ነጭ ሆኖ አርፏል።

እኔ ትርፊት ተክለጊዮርጊስ እባላለሁ። ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ቀለም ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የአስፋልት ዳር መረዳጃ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት። እርስዎም የዚሁ ሰፈር ልጅ ስለሆኑ ይህንን ሁሉ ያውቁታል። ነገሩ ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስለሚያነበው ከሥሩ ጀምሮ መተረክ ግድ ሆነብኝ። ስጽፈው ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፣ ሁለተኛው ላይ ስድብ ገባበት፤ ይሄኛውንም ሁለት መስመር በጻፍኩ ቁጥር እየተነሳሁ፣ በሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን አይቼ ስለምመለስ፣ የሐሳቤ ቅደም ተከተል ቢዛነፍ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ጉዳዩ የእድራችን ዕቃ ቤት ግድግዳ ነው። በሚያዝያ ወር የሥዕል አስተማሪዋ ሰሎሜ፣ ከተማው በሙሉ ግድግዳውን ማስጌጥ እንደያዘ አይታ፣ የእኛንም ልሳልላችሁ ብላ ጠየቀችን። ከተማው እንዴት ሲያጌጥ እንደነበረ መቼም አይረሱትም። ከአስፋልቱ በላይ ያሉት ግድግዳዎች ላይ የላይኞቹ የባህል ልብስ፣ የላይኞቹ ጀግናና የላይኞቹ እንሰት ተሳለ፤ ከአስፋልቱ በታች ባሉት ላይ ደግሞ የታችኞቹ ልብስ፣ የታችኞቹ ጀግናና የታችኞቹ እንሰት። ሁለቱን እንሰቶች ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ገበሬ ከፎንቆ እስከ ሞርሲቶ ቢፈለግ አይገኝም፤ ቢሆንም በየግድግዳው ሥር ማንነቱ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈ እንሰቱም ሳይደናገር ይኖራል። ሰሎሜ ግን ሁለቱንም ትታ እድሩን ሳለች።

በሥዕሉ ላይ አምስት ወንዶች የድንኳን ብረትና የተጠቀለለ ሸራ በትከሻቸው ተሸክመው አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ሁለት ሴቶች ድስት ይዘው ይከተሏቸዋል። ከሁሉም ፊት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ጥሩሰው ጥሩንባቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ይሄዳሉ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ሰሎሜ ቀጠን አድርጋ ስለሳለችኝ፣ ሥዕሉን የምወደው ለጥበቡ ብቻ ነው ብል መዋሸት ይሆንብኛል።

ጋሽ ጥሩሰው ማን እንደሆኑ ለማያውቅ መንገደኛ ልንገር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በንጋት እየተነሱ የሰፈሩን ሞት በሀዲይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ የለፈፉልን ሰው ናቸው። ከየት እንደመጡ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ከሀዲያው ፎንቆ ናቸው ይላል፣ ሌላው ከከምባታው አንጋጫ ናቸው ይላል፣ እሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ ሟች ጠይቆኝ አያውቅም ብለው ያልፉታል። ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ የሚኖሩትም ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ እድሩም የቴሌግራም ገጽ ከከፈተ ቆይቷል፤ ነገር ግን ሰው የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ይተኛል፣ የጋሽ ጥሩሰውን ድምፅ የሚያጠፋ ቁልፍ ግን እኔ ሱቅ እንኳ አይገኝም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ቅሬታ ይመስላል እንዳይሉኝ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. በግንቦት ወር፣ ሥዕሉ ገና ሳይደርቅ፣ ሦስት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ደብዳቤው «በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ግለሰቦች ማንነት ተጣርቶ በተያያዘው ቅጽ ተሞልቶ እንዲቀርብ» ይላል። ቅጹም አራት ረድፎች ነበሩት፤ ተራ ቁጥር፣ የተሳለው ሰው ስም፣ ብሔር፣ እና በግድግዳው ላይ የያዘው ስፋት በካሬ ሜትር። ሰውን በካሬ ሜትር መለካት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሰሎሜ መሰላል ላይ ወጥታ፣ እኔ ከሱቄ ባመጣሁት ሜትር ከሥር ይዤ፣ ግማሽ ቀን ጎረቤቶቻችንን ስንለካ ዋልን። በመጨረሻ ከሁሉም ሰፊ ቦታ የያዘው እኔ የተሸከምኩት ድስት ሆኖ ተገኘ፤ የኮሚቴዎ ባለሙያም ድስቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ በትሕትና ጠየቁን። ድስቱ የተገዛው ከሻሸመኔ ነው ብለን መለስን። የጋሽ ጥሩሰው ረድፍ ላይ ግን ስምና ስፋት ብቻ ነበር የሞላነው፤ ሦስተኛውን ምን እንበል ብለን ብንጠይቃቸው የእድሩ ብላችሁ ጻፉ አሉን፣ እንደዚያው ጻፍን። ቅጹ በሳምንቱ በቀይ እስክሪብቶ «አልተሟላም» ተብሎ ተመለሰልን።

2ኛ. ስለሰጡን ሙያዊ ምክርም ባለዕዳዎ ነኝ። አንድ ሰው ከፊት፣ ሌሎች ከኋላ ሆነው መሳላቸው ቀዳሚና ተከታይ አለ የሚል የተዛባ መልእክት ስለሚያስተላልፍ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ትከሻ ለትከሻ ሆነው እንዲሳሉ መከሩን። ምክሩ የመጣው ከመልካም ልብ መሆኑን አልጠራጠርም። የድንኳኑ ብረት ስድስት ሜትር በመሆኑ አንዱ የፊቱን ጫፍ፣ ሌላው የኋላውን ጫፍ ካልያዘ አይነሳም። አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ አምስት ብረት ልሸከም ቢል ግን ወደ መቃብሩ መሄድ ይቅርና አስፋልቱን ዘግቶ ባጃጅ ሲያስቆም ነው የሚውለው። ይህን በጽሑፍ ብናስረዳ መልስ አላገኘንም።

3ኛ. የማናውቀውን ነገር ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። በሰኔ በላኩልን ሁለተኛ ደብዳቤ፣ የሥዕሉ ተዋጽኦ ከአባላት ብዛት ጋር ይመዛዘን ዘንድ የእድርተኛው ስም ዝርዝር በብሔር ተለይቶ እንዲቀርብ አዘዙ። መዝገባችን ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩት ረድፎች ሦስት ናቸው፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ በቀብር የተገኘና ያልተገኘ። አራተኛውን ረድፍ በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ቤት ለቤት ዞሬ የጠየቅሁትም እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ ምን ብሎ ተመዘገበ ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ቁልቁል እያዩ ነገሩኝ፣ ሳልወጣም በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ የእኔም እጅ አለበት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ ያቃተኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዱ መዝገብ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት መዝገብ ሆነ፣ አንዱ እድርም ሁለት እድር። የላይኞቹ አቶ ወንዳፈረውን፣ የታችኞቹ አቶ ጁነዲንን ዳኛ አድርገው ሰየሙ። የንብረት ክፍፍሉ ኮሚቴዎ በሚወደው ፍጹም እኩልነት ተከናወነ፤ ሸራው ለላይኞቹ፣ ብረቱ ለታችኞቹ ደረሰ። ድስቶቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ክዳኖቻቸው ወደ ታች ወረዱ። አግዳሚዎቹ ቁጥራቸው ጎደሎ ሆኖ ስላስቸገረ አንደኛው መሃል ለመሃል ተቆረጠ፤ መጋዙን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ጥሩሰው ግን በየትኛውም መዝገብ አልገቡም፤ አራተኛው ረድፋቸው ባዶ ነበርና። የላይኞቹ እርስዎ ከታች ነዎት አሏቸው፣ የታችኞቹም ከላይ ነዎት አሏቸው፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ሰውዬው ባልተከራከሩበት ነገር ሜዳ ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቋርጥና በሐምሌ አጋማሽ የሆነውን ልንገርዎ፣ ኮሚቴው በዚያ ሳምንት ለልምድ ልውውጥ ሄዶ ስለነበር አልሰሙት ይሆናልና። የልብስ ሰፊዋ የኤልሳ እናት አረፉ። ጋሽ ጥሩሰው እንደ ልማዳቸው በሦስቱም ቋንቋ ለፈፉ፤ የማንም እድርተኛ ባይሆኑም ሞት መናገሩን ማንም አልከለከላቸውም። ሟቿ በላይኞቹ መዝገብ ስለነበሩ የላይኞቹ ሸራውን ተሸክመው መጡ፣ ሸራው የሚወጠርበት ብረት ግን አልነበረም። የታችኞቹ ሟቿ የእኛ አይደሉም ብለው ብረቱን በዕቃ ቤታቸው ቆለፉ። ዝናቡ ሲበረታ ኤልሳ ራሷ፣ እናቷ ገና ሳይገነዙ፣ ሱቄ መጥታ ሰማያዊ ላስቲክ ወስዳ ከአጥሩ እስከ በሩ ድረስ በገመድ ወጠረች። ላስቲኩ ጠባብ ስለነበረ ለቀስተኛው ሁሉ አንዱ ጎኑ ደረቅ፣ አንዱ ጎኑ እርጥብ ሆኖ ተቀመጠ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹን ለሟች፣ ግማሹን ለእኛ።

ጋሽ ጥሩሰው ከላስቲኩ ሥር አልገቡም። ኮታቸው በውሃ ርሶ፣ ጥሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ስወጣ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ትርፊት፣ ለእኔስ ላስቲኩን ማን ይወጥርልኛል?» ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ በር ላይ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወዲያው ይነሳሉ፣ እስከ ባጃጅ ተራው ሄደው ይመለሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ሁሉ ሲያስቀብሩ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ቀባሪ አጥተው ሲንቆራጠጡ ማየት ከባድ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ። መሃል ላይ አንድ ደንበኛ የበር ማጠፊያ ፈልጎ አቋርጦኝ ነበር።

4ኛ. በነሐሴ መጨረሻ ከሱቄ ስለገዙት ስምንት ጋሎን ነጭ ቀለም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጨዋ ቀቢዎች መጥተው በኮሚቴው ስም ደረሰኝ ሲያስቆርጡ፣ ለቢሮ ይሆናል ብዬ ሮለር መረቅሁላቸው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ብቅ ስል በግድግዳው ላይ ከሰው የቀረው እግራችን ብቻ ነበር፤ ከጉልበት በላይ ሁላችንም ነጭ ሆነናል። ከዚያ እግሮቹም ሄዱ። መጨረሻ የጠፋው በላይኛው ጥግ የነበረው የጋሽ ጥሩሰው ጥሩንባ ነው፤ ሳስተውለት አይደለም፣ መሰላሉ እዚያ ድረስ አልደርስ ብሏቸው እንጂ። ሰሎሜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማሪዎቿን ደብተር እንደታቀፈች ቆማ አየችው፣ ከዚያም ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ግን በዚያ ቀን የሸጥኩት ቀለም ዛሬም እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

5ኛ. በነጩ ላይ ሊሳል ስለታቀደው አዲስ ሥዕል ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመጀመሪያ ሁለት የተጨባበጡ እጆች እንደሚሆኑ ሰማን። ከዚያ የማን እጅ ከላይ ይሁን የሚለው ክርክር ሁለት ስብሰባ ወሰደ። ከዚያ ሌሎቹም ነዋሪዎች እኛስ እጅ የለንም ወይ ብለው ስላመለከቱ እጆቹ አራት ሆኑ፤ እጅጌዎቹም በየባህሉ ጥለት ተለዩ። ንድፉን በኮሚቴዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይቼዋለሁ። አራቱ እጆች ባለቤት ስለሌላቸው፣ ከአራት አቅጣጫ መጥተው መሃል ላይ ስለተያያዙ፣ ይጨባበጡ ይሁን ይታገሉ ለመለየት ቀረብ ብዬ ማየት ነበረብኝ። አንዳቸውም ምንም ነገር አልተሸከሙም። ሥራው ሰኞ ጠዋት እንደሚጀመር በማስታወቂያው ስላሳወቁን፣ ለመዘጋጀት ሦስት ቀን ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ስድስተኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለጋሽ ጥሩሰው የሚገባ ነው፤ ትናንት ሐሙስ ስለሆነው ነገር።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ጥሩንባው ተነፋ። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ወትሮው ረዘም ረዘም ተደርጎ። ከዚያ ድምፁ በሀዲይኛ፣ ቀጥሎ በከምባትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ መጣ፦ «የአስፋልት ዳር እድርተኛ ስማ! ጥሩሰው አርፏል። ድንኳን ይዛችሁ ኑ።»

እንግዲህ ከእኛ ሰፈር ሰው በቀር ማንም የማይሠራውን ስሕተት ሠራን። የሚለፈፈው በራሳቸው በጋሽ ጥሩሰው ድምፅ መሆኑን አንድም ሰው ልብ አላለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞት የተነገረን በእሳቸው ድምፅ ነው፤ የእሳቸውም ሞት በእሳቸው ድምፅ ቢነገር ማን ይገረማል? እኔ ራሴ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጋሽ ጥሩሰውን፣ ጋሽ ጥሩሰውን እያልኩ፣ የሱቄን በር ሳልቆልፍ ነው የሮጥኩት። ከላይ እነ አቶ ወንዳፈረው ሸራውን ተሸክመው ወረዱ። ከታች እነ አቶ ጁነዲን ብረቱን ተሸክመው ወጡ። ሟቹ በማን መዝገብ ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰው ሲያለቅስ ረድፍ አይታየውም። አስፋልቱ መሃል ተገናኙ፣ በግድግዳው ሥር ብረቱ ቆመ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ድስትና ክዳንም ከሁለት ወር በኋላ ተያዩ። ኤልሳ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ የሸራውን ገመድ ስታስር አየኋት።

አስከሬን ለመገነዝ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ጋሽ ጥሩሰውን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ታጥበዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጥሩንባውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የመጣውን ሰው ይቆጥራሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እዚያው ቁጭ አለ። አቶ ጁነዲን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይህ ምን ዓይነት ቀልድ ነው ብለው ተቆጡ። ጋሽ ጥሩሰው ግን ቆጠራቸውን ሳያቋርጡ መለሱላቸው፦ «ማን እንደሚመጣ ላይ ብዬ ነው። ከሞትኩ በኋላ ማየት አልችልማ።»

ሰዉ መሳቅም ማልቀስም አቃተው፤ መጨረሻ ላይ ቁጣው አሸነፈ፣ ቁጣውም በጀን። የመተዳደሪያ ደንባችን በሐሰት ጥሩንባ የነፋ በጠቅላላ ጉባኤ ይዳኝ ይላል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ የሚሞላው በነባሩ መዝገብ ካሉት አባላት ሁለት ሦስተኛው ሲገኝ ነው። የላይኞቹ ብቻቸውን ቢሰበሰቡ አይሞላም፣ የታችኞቹም አይሞላላቸውም። አቶ ወንዳፈረውና አቶ ጁነዲን ሰውዬውን ለመቅጣት እጅግ ከመጓጓታቸው የተነሳ፣ ለሁለት ወር ሰላምታ ሳይለዋወጡ ቆይተው፣ ያን ጠዋት በአንዲት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አግዳሚዋም ያቺ የተቆረጠችው ስለሆነች መጠጋጋት ነበረባቸው። ጉባኤው መከረና ጋሽ ጥሩሰው ከእንግዲህ ሳይሞቱ እንዳይሞቱ በጽሑፍ አስጠነቀቃቸው።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው በየትኛው መዝገብ ይግባ የሚል ጥያቄ ተነሳ። የላይኞቹ መዝገብ ስማቸው የለበትም፣ የታችኞቹም የለበትም፣ በመዝገብ የሌለ ሰው ደግሞ አይቀጣም። ሰው ሊያመልጣቸው መሆኑ የገባቸው አቶ ወንዳፈረው ራሳቸው አሮጌውን መዝገብ አምጪ አሉኝ። አመጣሁት። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የተገኘና ያልተገኘ ብቻ ባለበት ገጽ ላይ ጥሩሰው ብዬ እንደገና ጻፍኩና ማስጠንቀቂያውን ከጎኑ አስገባሁ፤ ሁለቱም ዳኞች ፈረሙበት። ጋሽ ጥሩሰው በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ብሏቸው የተቀጡበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ወረቀቱን አጣጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

ድንኳኑ ዛሬ ዓርብ ድረስ አልፈረሰም። ለማፍረስ ሸራው ወዴት፣ ብረቱ ወዴት ይሂድ የሚለውን መወሰን ያስፈልጋል፣ ያንን ጥያቄ ደግሞ ለማንሳት የደፈረ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የቆመው ልክ በግድግዳው ሥር በመሆኑ፣ ሰኞ ለሚመጡት ቀቢዎችዎ መሰላል ማቆሚያ ስለሌለ ከወዲሁ ማዘናችንን እገልጻለሁ። ድንኳን ያለ ለቅሶ ለምን ይቆማል ብለው በደብዳቤ እንደሚጠይቁን እገምታለሁና መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎ፤ ለሁለት ወር ያላለቀስነው አለብን።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ የምለምንዎ ጥቂት ነው። እጆቹን ለሚፈልጋቸው ግድግዳ ያውሱልን። ይሄን ግድግዳ ለሰሎሜ ይመልሱልን፣ ባይሆን ነጩን እንደነጭነቱ ይተዉት፤ ነጭም ቢሆን ከፊቱ የሚያልፈው ሰው ይሞላዋል። በእኔ እጅ ተሞልቶ የደረሰዎትን፣ አራተኛ ረድፍ ያለበትን ዝርዝር ደግሞ ይመልሱልኝ። ያንን ዝርዝር እስካላገኘሁ ድረስ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አላስብም፣ እርስዎም የእኔን እንቅልፍ ማጣት በካሬ ሜትር ከመለካት ይድናሉ።

ለሰጡን ጊዜ፣ ለቆጠሩልን ቁጥር፣ ለለኩልን ልክ፣ ሳንጠይቅ ለደረሰን ነጭ ቀለምና ሳንታገል ላገኘነው መለያየት ምስጋናዬን በድጋሚ እያቀረብኩ፣ በምንጊዜውም ትእዛዝዎን ለመፈጸም ባልፈጥንም ለማንበብ ግን ዝግጁ የሆንኩ፣ ግድግዳዎን ትይዩ ሆኜ የምነግድና በሄዱበት ሁሉ መልካም ጤና የምመኝልዎ፣

ትርፊት ተክለጊዮርጊስ
የአስፋልት ዳር መረዳጃ እድር ጸሐፊ (የአሮጌው መዝገብ)

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ንጋት ላይ በግራ እግርዎ ነጠላ ጫማ፣ በቀኝ እግርዎ የቆዳ ጫማ አድርገው ከታችኞቹ ሁሉ ቀድመው ሲሮጡ፣ ከአቶ ጁነዲን ጋር የአንዱን ብረት ጫፍ በትከሻዎ ሲሸከሙ፣ ጋሽዬ፣ ጋሽዬ እያሉም ሲያለቅሱ ያየዎት ሰው ብዙ ነው። ጋሽ ጥሩሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንደተገኙ ግን በየት በኩል እንደሄዱ ማንም አላየዎትም። ሰሎሜ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ስለነበረች ብረት የተሸከሙትን እርስዎን ጨምራ ሥዕሉን እንደገና በወረቀት ጨርሳዋለች፤ አሁን የሚቀረን ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብዎ መሠረት ቅጹን አያይዣለሁ። ስምዎን ሞልቻለሁ፤ ስፋትዎ ብረቱን ጨምሮ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ነው። ብሔር የሚለውን ግን፣ አባትዎ ከሞርሲቶ፣ ከዚሁ ድንኳን የተቀበሩት እናትዎ ደግሞ ከዱራሜ ስለሆኑ፣ እንዳላጠፋ ፈርቼ ለራስዎ ትቼዋለሁ። ሲሞሉ ብዙ አይዘግዩብን። ጋሽ ጥሩሰው ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰሙት ድምፅ የእሳቸው አይሆንም።